ከበረዶ ሥር ናት

እናቴ ሥራዬን ለሰው የምታስረዳው በሦስት ቃል ነበር፤ «ከበረዶ ሥር ናት»። ሱቅ ውስጥ፣ መስጊድ በር ላይ፣ ትሮስተሩድ ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ የሚያገኟት የአገራችን ሴቶች «ልጅሽስ የት ደረሰች?» ሲሏት መልሷ ያው ነው። አንድ ሁለቴ ላርማት ሞክሬያለሁ። «እማ፣ እኔ ከበረዶው በላይ ነኝ፤ ከሥር ያለው ውሃው ነው» ስላት፣ «አንቺስ የምታዪው ከሥር ያለውን አይደል?» ትለኛለች። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስለዚህ ተውኩት።

ከኮምቦልቻ ወደ ኦስሎ የመጣነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ልጅ እያለሁ መንገድ ላይ ቀረ። እዚህ ሊንደበርግ ያለ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠን፤ እናቴ ስቶቭነር አንድ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች፣ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባሕር እንደማጠና ስነግራት የሳቀችውን ሳቅ አልረሳውም። «ከቦርከና ወንዝ ሌላ ውሃ ሳታዪ አድገሽ ባሕር? ሐኪም መሆን ምን ነበረበት?» አለችኝ። ሁለት ቀን ካኮረፈች በኋላ ለሰው ሁሉ በኩራት ታወራ ጀመር። ያኔ ነው እንግዲህ ያ ሦስት ቃል የመጣው።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ደጁን አልብሶ የሚያድረውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። ኖርዌዮቹ ለእያንዳንዱ የየራሱ ስም አላቸው። እኔ የማወራት ባሕር ራሱ ሲጋገር ስለሚሆነው ነገር ነው፤ እሷ የምታየው ግን በየጠዋቱ ባርነሃገው በር ላይ በአካፋ የምትጠርገውን ነው።

አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየላጠች በደንብ አስረዳኋት። «ባሕር ሲጋገር ጨዉን አብሮ አይይዘውም፤ ወደ ታች ይገፋዋል። ጨው የበዛበት ውሃ ከባድ ነው፣ ይሰምጣል። እኛ የምንሄድበት ባሕር ደግሞ እንደ ሌላው ጥልቅ አይደለም፤ ከየብሱ ጠርዝ ላይ የተነጠፈ ነው። የሰመጠው ውሃ ወለሉ ላይ ይደርስና ቁልቁለቱን ፈልጎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከደቡብ በኩል ደግሞ ሞቅ ያለ ውሃ ይመጣና ከቀዝቃዛው ሥር ገብቶ ይተኛል።»

«ሞቃት ነገር ወደ ላይ አይደል እንዴ የሚወጣው?» አለችኝ።

«ጨዉ ነው የሚይዘው። ከላዩ ካለው ቀዝቃዛ ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ከታች ይቀራል።»

«እና አይቀላቀሉም?»

«እሱን ነው የማጠናው።»

«ቢቀላቀሉስ?»

«ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን ከሥሩ ይበላዋል።»

«እንግዲያ አይቀላቀሉ!»

«ጭራሽ ካልተቀላቀሉም ከታች ያለው ምግብ ወደ ላይ አይደርስም። ብርሃን ሲመጣ ከበረዶው ሥር የሚበቅል ነገር አለ፤ እሱ ይራባል፣ እሱን የሚበላው ዓሣም ይራባል።»

ቢላዋውን አስቀምጣ አሰበችበት። «ያ፣ ያ፤ እንግዲያ በልኩ ይቀላቀሉ» ብላ ፈረደች። «አዎ»ን ከቤታችን ካስወጣችው ቆይታለች፤ ከሥራ ቦታዋ ያመጣችው «ያ» ተክቶታል። ከዚያ «ማን ነው የሚያማስለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ይህ ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ክፍት ባሕር ላይ ነፋስ ያማስለዋል። በረዶ ሲከድነው ግን ነፋሱ ውሃውን አያገኘውም፤ በረዶው ራሱ ሲንቀሳቀስ ሸካራ ሆዱ ትንሽ ይፍቀዋል፣ የቀረው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ውሃው በጨረቃ ስበት ሲሄድና ሲመለስ ከወለሉ ጋር ይፋጫል። ይህን ሁሉ ስነግራት እህ እህ እያለች ሰማችኝና፣ በማግስቱ ጎረቤታችን ስትጠይቃት «ከበረዶ ሥር ልትሄድ ነው» አለቻት።

የሄድኩት በክረምቱ ልብ፣ ፀሐይ በማትወጣበት ጊዜ ነው። መርከባችን ባረንትስ ባሕር ሰሜን ዘልቃ በረዶው ውስጥ ቆመች፤ በረዶው ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። ከመርከቧ ወርደን በረዶው ላይ ቀዳዳ ቆፈርን፣ በላዩ ድንኳን ተከልን። አንድ ሰው ድብ እንዳይመጣ ጠመንጃ ይዞ ደጅ ይቆማል። ቀዳዳው ለመጋገር ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ በትልቅ ጭልፋ የበረዶውን ስብርባሪ ስንጨልፍ ነው የምንውለው። እዚያ ድረስ ተምሬ ሄጄ ዋና ሥራዬ ጭልፋ መሆኑን ለእናቴ አልነገርኳትም።

መሣሪያችን ከክንድ የሚረዝም ቀጭን ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ የሳሳ ብረት አለው። ቀስ ብሎ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት፣ ገመዱም ላላ ማለት አለበት። ገመዱን ጠበቅ አድርገው ከያዙት የሚለካው የባሕሩ እንቅስቃሴ መሆኑ ይቀርና የራስ እጅ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ እኔ ነገር ጨብጬ የምይዝ ሰው ነኝ። ውሃው ጸጥ ካለ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃው ሲናወጥ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ሞቃቱ ከታች፣ ቀዝቃዛው ከላይ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካው ተኝተው ይውላሉ። ሁላችንም የምንጠብቀው በረዶው እየተንሳፈፈ አንድ የባሕር ውስጥ ጉብታ ላይ እስኪያደርሰን ነበር፤ ሙላቱ ጉብታውን ሲሻገር ውሃው የሚቀላቀለው እዚያ ነው ብለን አስበናልና።

ደስ ይለኝ ነበር። ጣቴ እየደነዘዘ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ቀኑ ከሌሊቱ ሳይለይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሥራ የለም። እስከ ፀደይ ልቆይ ነበር። ብርሃኑ ሲመለስ፣ በረዶው ከላይ መቅለጥ ሲጀምር፣ የቀለጠው ቀላል ውሃ ባሕሩን እንደ ክዳን ሲገጥምበት ለማየት ነበር የሄድኩት።

ቀጥሎ የምጽፈውን እኔ አላየሁትም። እናቴም ጎረቤታችንም በየፊናቸው የነገሩኝን ገጣጥሜ ነው።

በዚያ ሳምንት ሰሜን ኖርዌይ አንድ ተራራ ላይ በረዶ ተንዶ ሰው ቀብሮ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ስቶቭነር የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ጎረቤታችንን አገኘቻት። ጎረቤታችን የደሴ ሰው ናት፤ ደግነቷም ወሬዋም አያልቅም። «ልጅሽ ሰላም ናት?» አለቻት።

«ከበረዶ ሥር ናት» አለች እናቴ፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ስትሸከም ውላ ወገቧ ተቆርጧል። «ስልኳም አይሠራ፤ እንግዲህ አላህ ያውቃል።»

ሌላ አገር ሰው ቢሆን «መቼ? እንዴት?» ይል ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ጎረቤታችን እጇን ጨብጣ «አብሽሪ እህቴ» አለቻትና እንባዋን ይዛ ሄደች። እናቴ ናፍቆቷ የገባት መስሏት አመሰገነቻት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። አንድ በአንድ ጫማቸውን እያወለቁ፣ ዓይኗን ሳያዩ፣ ገብተው ተቀመጡ። ዳቦ ይዘዋል፣ ቴርሞስ ይዘዋል። አንድም ቃል የሚናገር የለም። እናቴ ይህን ታውቀዋለች፤ የአባቴ መርዶ የተነገራት እንዲሁ ነው፤ በጠዋት፣ ብዙ ሆነው፣ ጸጥ ብለው ነው የመጡት። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎቹ እነዚህ ናቸው ብላ አፋቸውን ታይ ጀመር። እነሱ ደግሞ ሐዘንተኛዋ እሷ ስለሆነች እስክታለቅስ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ጎረቤታችን አልቻለችም፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች። እናቴ መሬት ወደቀች።

ማንም ያልጠየቀውን የጠየቀችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። እዚሁ ኦስሎ የተወለደች፣ ነርስነት የምትማር፣ ትልቅ ሰውን ሁሉ «አንቺ» የምትል ልጅ ናት። በለቅሶው መሐል ቆማ፣ «ማነው የነገረሽ? ፖሊቲው፣ ፖሊሱ ደውሎልሽ ነው?» አለቻት።

«እናንተ ናችሁ እንጂ የነገራችሁኝ!» አለች እናቴ።

«እኛ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ትናንት የነገርሽኝ?» አለች ጎረቤታችን።

ሁሉም ተያዩ። እናቴ ከበረዶ ሥር ናት ማለቷ ሥራ ላይ ናት ማለቷ መሆኑን አስረዳቻቸው፤ ግን አንዴ ከሰማችው በኋላ እሷ ራሷም አላመነችውም። ድምፄን ካልሰማች አትነሣም። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የተቋማችንን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ፈለገች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈች መርከቧ ዘንድ ደረሰች።

እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ጉብታው ላይ ገና መድረሳችን ነበር፣ ሙላቱም ሊዞር ነው። ያን ያህል ቀን ቀጥ ብሎ የኖረው መስመር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከታች ጀምሮ እየተናወጠ ወደ ላይ ይመጣል፤ ሞቃቱ ውሃ ሲነሣ በዓይኔ እያየሁት ነው። ሬዲዮኑ ስሜን ጠርቶ «እናትሽ ናት፣ ቶሎ ነይ» አለኝ። ሮጥኩ። ቀዳዳው ላይ አንድ ሰው ብቻውን መሥራት ስለማይፈቀድለት ጓደኛዬም መሣሪያውን አውጥቶ ተከተለኝ። ያ የልኬት መዝገብ እዚያ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

የሳተላይት ስልክ ድምፅ ይዘገያል፤ አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪሰማ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እኛ ግን አንዳችንም አልቆምንም። «ሞተች አሉኝ» ትለኛለች፣ «አልሞትኩም እማ» እላታለሁ፣ ሁለቱ ቃል መንገድ ላይ ይጋጫል። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ፈራሁ። «ልምጣ እማ? ልምጣ ወይ?» አልኳት።

መልሱ ዘገየ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ «ነይ! ነይ ልጄ፣ ነይ!» መስመሩ ተቋረጠ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መርከቧ ሰው ለመቀያየር ስቫልባርድ ደሴት ትደርስ ነበር። የጉዞው መሪ ደግ ሰው ነው፤ «እስኪ አስቢበት፣ እናትሽ አሁን ተረጋግታ ይሆናል» ብሎኛል። «እናቴ ጠርታኛለች» አልኩት። ይህን ካልኩ በኋላ ሌላ የሚባል ነገር ያለ አልመሰለኝም። ዕቃዬን ሸክፌ ወረድኩ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ገባች።

ሊንደበርግ ደርሼ በሩን ሳንኳኳ እናቴ ከፍታ ደርቃ ቀረች። «መጣሽ?» አለችኝ፤ አጠያየቋ ደስታ አልነበረበትም። ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ ምግብ አቀረበች። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ ጠርታኝ እንዴት ትጠይቀኛለች ብዬ እኔም አልገረመኝም። በኋላ ግን ልዩ ልስላሴ አመጣች። ስገባ ስወጣ ፊቴን ታያለች። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት ያን ሦስት ቃሏን ትታ ወሬ ትቀይራለች። እንደ በሽተኛ ስትይዘኝ፣ ዳግመኛ ብሄድ የማትችለው መሰለኝና ስለ ባሕሩ ማውራት አቆምኩ። «ለጊዜው» ብዬ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ የቧንቧ ውሃ መመርመር ጀመርኩ። የዶክትሬት ቦታዬን በእኔ ፋንታ የገባችው ልጅ ወሰደችው፤ በፀደዩ ያን ክዳን ያየችው እሷ ናት፤ ይገባታል። «ለጊዜው» ያልኩት ሥራ ግን ዓመታት ሆኑት። ይቆጨኛል። ቧንቧው ጥሩ ውሃ ነው፣ ደመወዙም አይከፋም፤ ግን ያ መስመር ሲንቀጠቀጥ ድጋሚ አላየሁትም።

ባለፈው ዒድ ቤታችን ሰው ሞልቷል። ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ያን ታሪክ አነሣችው፤ ልጅ በሕይወት እያለች ለቅሶ የደረሱበትን ቀን። በየዓመቱ ይጨመርበታል፤ ዘንድሮ የተበላው ዳቦ እንኳ በዝቷል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እናቴ ትሪ ይዛ ቆማ «ሳቁ እናንተ» አለች። «በእኔ ጩኸት ልጄን ከመርከብ አባረሯት።»

«ማን አባረረኝ?» አልኳት። «አንቺ አይደለሽም የጠራሽኝ?»

«እኔ?»

«‹ልምጣ ወይ?› ስልሽ ‹ነይ› አላልሽኝም?»

«ያ! ነይ አልኩሽ።»

«እኮ፤ ነይ ስትዪኝ መጣኋ።»

«ነይ አልኩሽ እያልኩሽ! ነይ! እንዳትመጪ!»

መጀመሪያ የገባት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አፏን በእጇ ያዘች። «በኖርሽክ ነው ያለችሽ» አለችኝ። ኖርዌዮች «አይ» ሲሉ «ነይ» ነው የሚሉት፤ ቁርጥ የእኛ «ነይ»። እናቴ ሥራ ቦታዋ ቀኑን ሙሉ ልጆቹን «ነይ! ነይ!» ስትል ነው የምትውለው፣ ከአፏ ሌላ እንቢታ ጠፍቷል። በስልኩ የመለሰችልኝ «አትምጪ» ነበር፤ እኔ የሰማሁት «ነይ»ን ነው። ከዚያም እሷ ተባራ መጣች ብላ አፈረች፣ እኔ ጠራችኝ ብዬ ቀረሁ። በዚያ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ያን ያህል ዓመት ስንኖር አንዳችን አንዳችንን አልጠየቅንም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ጎረቤታችን «ወላሂ ይሄስ የመጪው ዓመት ወሬ ነው» ትላለች። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ፣ አምልጦኝ። ከዚያ እናቴን አየኋት። ትሪውን እንደያዘች ቆማለች፣ አትስቅም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «አላባረሩሽም?» አለችኝ።

«አላባረሩኝም።»

«ልትቆዪ ነበር?»

«እስከ ፀደይ።»

ውሃው ይፈሳል፤ እሷ አታጥብም። «‹አይ› ማለት ምን ነበረበት?» አለች። «ምን ነበረበት በገዛ ቋንቋዬ ‹አይ› ብልሽ?» ምንም አይደለም አልኳት፤ እንዳላመነችኝ አውቃለሁ፤ እውነትም አልነበረም። ቧንቧውን ዘግታ «ጠይቂያቸው፣ ይመልሱሻል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቦታው ሰው እንደያዘው፣ ያ ጉዞም እንዳበቃ አልነገርኳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ «ነይ» አትልም። እንቢ ስትል «አይ» ትላለች፤ አንዳንዴ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ዋጥ አድርጋ ትቀይረዋለች። የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ የእኛውንም «ነይ» አብራ ተወችው። ምግብ ሲደርስ «ቀርቧል» ትላለች። መንገድ ላይ ወደ ኋላ ስቀር ቆማ ትጠብቀኛለች፣ አትጠራኝም። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ጥሏት ተኝታ ከሥራ ስገባ ክፍሏ በር ላይ ቆምኩ። አየችኝ፣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረገች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።